ለኬሚስትሪ ተማሪ ልጆቼ፦ ስም አትሸምድዱ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በዓለም ከተማ ኬሚስትሪ ለምትማሩ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዕድሜዬን በማስተማር ነው ያሳለፍኩት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የጎረቤት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የውሁዶች፣ ማለትም ከተለያዩ ንጥረ ነገሮች ውህደት የተገኙ ነገሮች፣ ስም እንደ ስልክ ቁጥር ተደርድሮ አየዋለሁ። ያሳዝነኛል። ስያሜ እኮ ከኬሚስትሪ ሁሉ ሽምደዳ የማይፈልግ ክፍል ነው።

መጀመሪያ የምትጠይቁት፣ ውሁዱ ውስጥ ሜታል አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። ካለ፣ የሜታሉ ስም እንዳለ ይቀድማል፤ የኖንሜታሉ መጨረሻ ወደ «አይድ» ይለወጣል። የወጣችን ጨው ሶዲየም ክሎራይድ የተባለው በዚሁ ነው። ካልሲየም 2 ፖዘቲቭ፣ ክሎራይድ 1 ኔጋቲቭ ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙላት) ስላላቸው፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እንዲመጣጠን ለአንድ ካልሲየም ሁለት ክሎራይድ ያስፈልጋል፤ ስሙ ግን ካልሲየም ክሎራይድ ነው። «ዳይክሎራይድ» አትበሉ፤ ቻርጁን ያወቀ ቁጥሩን ራሱ ያወጣዋል።

ብረት ላይ ግን ቆም በሉ። ቻርጁ 2 ወይም 3 ሊሆን ስለሚችል በስሙ መሐል የሮማ ቁጥር ይገባል። «አይረን ስሪ ኦክሳይድ» ሲባል፣ «ስሪ» የብረቱ ቻርጅ ነው፤ የኦክስጅኑ ብዛት አይደለም። በጆሮው ብቻ የተማረ ልጅ አንድ ብረት ከሦስት ኦክስጅን ጋር ይጽፋል። ኦክስጅን 2 ኔጋቲቭ መሆኑን ይዞ የቻርጁን ሚዛን የሠራ 2 ብረት ከ3 ኦክስጅን ጋር ያገኛል፦ 6 ፖዘቲቭ፣ 6 ኔጋቲቭ።

ሁለት ኖንሜታሎች ሲዋሃዱ ግን ብዛቱ በስሙ ይነገራል፦ ሞኖ አንድ፣ ዳይ ሁለት፣ ትራይ ሦስት። ይህን ለፈተና ብላችሁ ብቻ አትያዙት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከሰል ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ከሰል በቂ አየር ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። በሩ ተዘግቶ አየር ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። ልዩነቱ አንድ የኦክስጅን አተም ነው። ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደነዝዛል፣ ከዚያ የተኛ ሰው አይነቃም። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚለው አባባል ስሕተት ነው፤ ጋዙ የሚወጣው ከፍሙም ነው። ማታ ለእናታችሁ ንገሯት፤ ከመኝታ በፊት ከሰሉ ይውጣ።

«ኤት» የሚል መጨረሻ ስታዩ ደግሞ ኦክስጅን አብሮ እንዳለ ዕወቁ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት (CaCO₃) ነው፤ በለሚ የሲሚንቶ ፋብሪካ የሚቃጠለው ይኸው ነው። 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ለካልሲየም ኦክሳይድ (ለኖራ) እና ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፈላል። የአተሞቹን ክብደት ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16 ብላችሁ ከ100 ግራም ድንጋይ ስንት ግራም ኖራ እንደሚቀር ሥሩት። 56 ካልመጣላችሁ ወደ ፎርሙላው ተመለሱ፤ ኦክስጅኖቹን እንደገና ቁጠሩ።