ኮዱን ሳንነካው ምን ተቀየረ? በሁለት ቨርዥኖች መካከል ዲፔንደንሲ ስለማነጻጸር

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን በአጭሩ ልድገመው። ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች የሠራችሁት የቲኬት ሲስተም ቨርዥን 1.4 ላይ ምንም ችግር አልነበረበትም። 1.5 ላይ የቀየራችሁት ጥቂት መስመር ነው። ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን የደረሰኙ ፒዲኤፍ እምቢ አለ፤ አንቺ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ይሠራል። ሁለቱን ቨርዥን የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው በጊት ስታነጻጽሪ የሎክ ፋይሉ፣ ማለትም የገባውን የእያንዳንዱን ፓኬጅ ቨርዥን የሚመዘግበው ፋይል፣ ልዩነቱ ብቻውን ሺህ መስመር ሆነብሽ። «ከዚህ ሁሉ የቱን ልይ?» ነው ያልሽው።

መልሱ ያለው እዚያው ሎክ ፋይሉ ውስጥ ነው። መስመር በመስመር ግን አታንብቢው።

ኮዳችሁ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ፓኬጆች ዲፔንደንሲ እንላቸዋለን። ከእነሱ ፓኬጅ ጄሰን የሚባለው ፋይል የሚነግርሽ የፈለጋችሁትን ነው። ሎክ ፋይሉ የሚነግርሽ የገባውን ነው። ከቁጥሩ ፊት ካሬት የምንላት ኮፍያ መሳይ ምልክት (^) ካለች፣ 4.2.0 ብለሽ የጻፍሽው ከ5 በታች ያለውን አዲስ ቨርዥን ሁሉ ይቀበላል። ቁጥሩ በ0 ሲጀምር ጠበቅ ይላል፦ 0.2.3 ከሆነ 0.3.0ን አይቀበልም። ስለዚህ ፓኬጅ ጄሰን ላይ አንድ ፊደል ሳይነካ ከሥር ያለው ሁሉ ሊለወጥ ይችላል።

ሺህ መስመሩ ከየት መጣ? እዚህ ባሕር ዳር ከተለያዩ ቡድኖች ጋር ስሠራ ደጋግሜ ያየኋቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ብራንች፣ ማለትም ለየብቻ የተሠራ የኮድ ቅጂ፣ ሲዋሃድ ኮንፍሊክት (የለውጦች ግጭት) ይመጣል፤ አንዱ ልጅ ሎክ ፋይሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስወጣዋል። ያኔ እያንዳንዱ ፓኬጅ የተፈቀደለትን የመጨረሻ ቨርዥን ይዞ ይገባል። ይሄን አታድርጉ! ፓኬጆቹን የሚጭነው ኤንፒኤም የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ከ5.7 ጀምሮ የፓኬጅ ጄሰኑን ኮንፍሊክት በእጅ ፈትታችሁ ኢንስቶል ብትሉት ሎክ ፋይሉን ራሱ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው፣ የቡድኑ አባላት የተለያየ ኤንፒኤም ይጠቀማሉ። ኤንፒኤም 6 የሚጽፈው ሎክ ፋይል ዓይነቱ 1 ነው፣ ኤንፒኤም 7 ዓይነት 2፣ ኤንፒኤም 9 ዓይነት 3። ይሄ ቁጥር ከፋይሉ አናት ላይ ተጽፏል። በሁለቱ ቨርዥን መካከል ከተለያየ፣ ካየሽው ልዩነት ብዙው የአጻጻፍ ለውጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። በጊት ሾው የ1.4ንም የ1.5ንም ሎክ ፋይል አውጪ። ከሁለቱም የፓኬጅ ስምና ቨርዥን ብቻ የምትለቅም አጭር ስክሪፕት ጻፊ፤ በፊደል ተራ ደርድሪና አነጻጽሪ። ሺሁ መስመር ወደ አንድ ገጽ ይወርዳል። በሞባይል ዳታ ለምንሠራ ሰዎች ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም አንድም ፓኬጅ አታወርጂም፤ የምታነጻጽሪው ጽሑፍ ብቻ ነው። በጊት ዲፍ የምትሄጂ ከሆነ በሁለቱ ቨርዥኖች ስም መካከል ሁለት ነጥብ (..) ተጠቀሚ። ሦስት ነጥብ (...) የሚያሳየው ብራንቾቹ ከተለያዩበት ቦታ ወዲህ በሁለተኛው ላይ የተደረገውን ብቻ ስለሆነ፣ 1.4 ላይ ለብቻው የተደረገ ጥገና ይደበቅብሻል።

የጊት ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብም ይሄን ይሠራል። ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን አዋህዱልኝ የሚል ጥያቄ) ላይ የገባውን፣ የወጣውንና የተቀየረውን ዲፔንደንሲ ለይቶ፣ የታወቀ የደኅንነት ክፍተት ካለበትም ጨምሮ ያሳያል። ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ነጻ ነው፤ ለግል ሪፖ ግን ክፍያ አለው።

ዝርዝሩ ሲወጣ መጀመሪያ አዲስ የገቡትን እዪ። ሰው ሁሉ ቁጥራቸው የተቀየረውን ነው የሚያሳድደው፤ እኔ ግን ማንም ያልጠራው ስም ነው የሚያስፈራኝ። በ2018 ኢቨንት ስትሪም በሚባለው ታዋቂ ፓኬጅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፓኬጁን የተረከበው አዲስ ሰው ፍላትማፕ ስትሪም የሚባል ዲፔንደንሲ ጨመረበት፤ ኋላ ላይ ተንኮሉ የተገኘው እዚያ ውስጥ ነበር፣ የቢትኮይን ዋሌት ለመስረቅ የተሠራ። ስሙ ሎክ ፋይል ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። የማታውቂው ስም ካየሽ ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን በይው፤ ማን ይዞት እንደገባ ይነግርሻል። ቨርዥኑ ሳይቀየር የኢንተግሪቲ ኮዱ፣ ማለትም የፓኬጁ ይዘት አለመለወጡ የሚጣራበት ኮድ፣ ብቻ ከተቀየረ ደግሞ ምክንያቱን ሳታውቂ ሰርቨር ላይ አትጫኚው።

ሪፖ ማነጻጸር ሁሉን አያሳይም። በ2024 ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ የተገኘው የጓሮ በር ቁልፍ ክፍሉ የነበረው በተለቀቀው የታመቀ ፋይል ውስጥ እንጂ ጊቱ ላይ አልነበረም። ስለዚህ የጠረጠርሽውን ፓኬጅ በኤንፒኤም ዲፍ እዪው። እሱ የሚያነጻጽረው የታተሙትን ሁለት ፓኬጆች ነው።

ወደ ደረሰኙ ስንመጣ፣ ላፕቶፕሽ ላይ የድሮው ኖድ ሞጁልስ (ፓኬጆቹ የሚጫኑበት ፎልደር) ሳይነካ ተቀምጦ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። በኤንፒኤም ሲአይ እንደገና ጫኚው፤ ሎክ ፋይሉ የሚለውን ብቻ ነው የሚጭነው። ሰርቨሩ ላይም እንደዚያው። ያኔ ላፕቶፑም እምቢ ካለ ጥፋቱ ከዲፔንደንሲው ነው። ፒዲኤፉን የምታወጡት ብሮውዘርን በኮድ በሚያዘው ፓኬጅ በፐፔቲር ከሆነ፣ 19ኛው ቨርዥን ላይ መድረስ አለመድረሱን አረጋግጪ። ከ19 ጀምሮ ብሮውዘሩን የሚያወርደው ኖድ ሞጁልስ ውስጥ ሳይሆን የተጠቃሚው የካሽ ፎልደር ውስጥ ነው። ኖድ ሞጁልስን ብቻ ወደ ሰርቨር የሚገለብጥ ሰው ብሮውዘሩን ትቶት ይሄዳል።

አዲስ የገቡትን ስሞችና የሰርቨሩን የኖድ ቨርዥን እዚሁ ለጥፊልን። ማታ መብራት ካለ አብረን እናየዋለን።