የካንተርበሪ የምዕራብ በር ማንን ለመከላከል ተሠራ?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ለንደን ነው። ባለፈው ሐምሌ ከቤተሰቤ ጋር ካንተርበሪን ስንጎበኝ በሁለት ክብ ግንቦች መካከል በተሠራው ትልቅ የድንጋይ በር ሥር አለፍን። በግንቦቹ ላይ የተገለበጠ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስሉ ክፍተቶች አየሁ። ምን ያደርጉ ነበር? በሩስ የተሠራው ለእስር ቤት ነው የሚሉኝ እውነት ነው? ከተማዋን የሚከብ ግንብ እያለ ሌሎቹ በሮች የት ደረሱ?

መልስ፦ ጠያቂያችን ያዩት በር በእንግሊዝኛ «ዌስትጌት» የሚባለው የምዕራብ በር ሲሆን፣ 18 ሜትር ያህል ቁመት ስላለው በእንግሊዝ አገር ከተረፉት የከተማ በሮች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። በሩ ለእስር ቤት አልተሠራም፤ እስር ቤት የሆነው በኋላ ነው። የተሠራው ፈረንሳዮች ይመጣሉ ተብሎ በመፈራቱ ነው። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

እንግሊዝና ፈረንሳይ የመቶ ዓመት ጦርነት በተባለው ፍልሚያ ላይ ሳሉ፣ በ1377 ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ሞተና የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጁ ሪቻርድ ሁለተኛ ዙፋኑን ወረሰ። በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ መርከቦች ራይንና ሄስቲንግስን የመሳሰሉትን የደቡብ ጠረፍ ከተሞች አቃጠሉ። ካንተርበሪ ከባሕሩ ብዙ አትርቅም፤ በዙሪያዋ የነበረው ግንብም መሠረቱ በሮማውያን ዘመን የተጣለ አሮጌ ግንብ ነበር። ስለዚህ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሳይመን ሰድበሪ ገንዘቡን ሰጥቶ፣ በ1380 አካባቢ በጥንቱ በር ቦታ አሁን የሚታየውን በር አሠራ። የንድፉ ባለቤት የንጉሡ ዋና ግንበኛ ሄንሪ የቬል ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በቀድሞው በር አናት ላይ የቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ተሠርታ ነበርና ሰድበሪ እርሷንም አፍርሶ ከበሩ አጠገብ፣ ከግንቡ በስተ ውስጥ እንደ አዲስ አሠራት። ይህችው ሕንፃ ከ1978 ወዲህ የከተማዋ ምክር ቤት አዳራሽ ሆና ታገለግላለች።

ስለ ቀዳዳዎቹ የጠየቁት ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያሰኘን ነው፤ የበሩን ዘመን የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና። ከላይ ያለው ቀጭን ስንጥቅ ለማነጣጠሪያ፣ ከታች ያለው ክብ ቀዳዳ ደግሞ የትንሽ መድፍ አፍ ለማውጫ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ግንቦች ለቀስተኛ የሚሆን ረጅም ስንጥቅ ብቻ ነበራቸው። ባሩድ ወደ እንግሊዝ ከገባ ገና ብዙ ዘመን ስላልሆነው፣ ከመጀመሪያው ለመድፍ ተብለው ከተሠሩት የአገሪቱ ምሽጎች ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ በር ነው። ከዚህም ሌላ በስቱር ወንዝ ላይ የሚነሣና የሚወርድ ድልድይ፣ ከላይ ወደ ታች የሚለቀቅ ከባድ ፍርግርግ መዝጊያ፣ እንዲሁም ከአናት ሆኖ በጠላት ላይ ድንጋይ ለመልቀቅ የሚያመች ክፍተት ነበረው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የተደረገበት ፈረንሳይ ግን ወደ በሩ አልመጣም። የመጡት ካንተርበሪ ያለችበት አውራጃ የኬንት ባላገሮች ናቸው። ሰድበሪ ከ1380 ጀምሮ የንጉሡ ዋና አማካሪ ሹም ስለነበር፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ የተጣለው የአንድ ሽልንግ የነፍስ ወከፍ ግብር በእርሱ ስም ተቆጠረ። ለድኻውም ለባለጸጋውም አንድ ዓይነት መሆኑ ሕዝቡን አስቆጣ። ሰኔ 10 ቀን 1381 በዋት ታይለር የሚመሩት ዓመፀኞች ካንተርበሪ ሲገቡ የከለከላቸው አልነበረም፤ ከከተማዋም ሰዎች ብዙዎች ተቀበሏቸው። ካቴድራሉ ውስጥ ገብተውም መነኮሳቱን፣ ያለው ሊቀ ጳጳስ ከሃዲ ነውና ይሞታል፣ ሌላ ምረጡ አሏቸው። ከአራት ቀን በኋላ ሰድበሪን «የለንደን ግንብ» ከሚባለው የንጉሡ ምሽግ አውጥተው አንገቱን ቆረጡት። የራስ ቅሉ እስከ ዛሬ በትውልድ ከተማው በሰድበሪ፣ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል፤ የቀረው አካሉ ግን በካንተርበሪ ካቴድራል ነው የተቀበረው። የከተማ በር የሚጠብቀው በውስጥ ያለው ሰው ሊዘጋው ሲፈልግ ብቻ መሆኑን ሊቀ ጳጳሱ አላሰቡትም ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን መድፉ ለዚያ ቀን አልጠቀማቸውም።

የምዕራብ በር ከጦርነት ይልቅ ተሳላሚዎችን አስተናግዷል። ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በ1170 በካቴድራሉ ውስጥ ከተገደለ በኋላ፣ ከለንደን ወደ መቃብሩ የሚመጣ ሁሉ የሚገባው በዚህ በኩል ነበር። ለግድያው ምክንያት ነህ የተባለው ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ እንኳ በ1174 ከበሩ ውጭ ባለችው በቅዱስ ደንስታን ቤተ ክርስቲያን ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ ወደ ካቴድራሉ ሄዷል፤ ያን ጊዜ የነበረው ግን የቀድሞው በር ነው። በሩ ማታ ስለሚዘጋ የመሸበት ተሳላሚ ከውጭ ባሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ያድር ነበር።

እስር ቤት የሆነው በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ነው። ሌሎቹ በሮች በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ለሠረገላ መተላለፊያ ይጠብባሉ ተብለው ሲፈርሱ ይህ ብቻ ቀረ። በከተማዋ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ፣ አንድ የአውሬ ትርዒት ቡድን ዝሆኖቹን ለማስገባት በሩ ይፍረስልኝ ብሎ እንደጠየቀና ምክር ቤቱ እኩል ለእኩል ተከፍሎ፣ በከንቲባው አንድ ድምፅ እንደተረፈ ይተርካል። ወጉ ይጣፍጣል፤ እኛ ግን ያተረፈው እስረኛ የሚያኖሩበት ሌላ ቤት ማጣታቸው ነው ወደሚለው እናደላለን። ከ1906 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል፤ ወደ ውስጥ ገብተው ቀዳዳዎቹን ከተኳሹ በኩል ሆነው ሊያዩአቸው ይችላሉ።