አጥሚቱን ከመመለሳችሁ በፊት

ዘንድሮ ነጭ ጋወን ለለበሳችሁ ልጆቼ፣

ስንናደድ "ቆሽቴ አረረ" እንላለን። ቆሽቱ በእውነት ያረረ ሰው ግን መተኛት ያቅተዋል። ትራስ ሆዱ ላይ አቅፎ፣ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ተነስቶ ጀርባው ድረስ ይወጋዋል። ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ያለቦታቸው ሥራ ጀምረው ራሱን ቆሽቱን እየፈጩት ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የሐሞት ጠጠር ወይም አልኮል ነው።

በእኛ ጊዜ ትእዛዙ አንድ ነበር፤ በአፉ ምንም እንዳይገባ፣ ቆሽቱ ይረፍ። እናት አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ እመልሳታለሁ። ስንቷን እንደመለስኩ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

የዘነጋነው አንጀትን ነው። እዚያ ያሉትን ባክቴሪያዎች ከደማችን የሚለያቸው ስስ ሽፋን ነው። ቆሽት ክፉኛ ሲቆጣ ወደ አንጀት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ አንጀቱ መንቀሳቀሱን ይተዋል፣ ሽፋኑ ይሳሳል። ያኔ እነ ኢ. ኮላይ ሾልከው የሞተው የቆሽት ሥጋ ላይ ይሰፍራሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያለፈ ሕመምተኛ ከሳምንታት በኋላ እንደገና የሚያተኩሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሽፋኑን ከሚጠብቁት አንዱ ደግሞ ምግብ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ከቻለ በአፉ፣ ካልቻለ በቱቦ ቶሎ የምንመግበው።

"ታዲያ ጥሩ ባክቴሪያ ብንሰጠውስ?" ትሉ ይሆናል። ሆላንዶችም እንዲሁ አስበው ነበር። በ15 ሆስፒታሎች፣ ሕመማቸው ይከብዳል ተብሎ ከተፈራላቸው መካከል ለ152ቱ ስድስት ዓይነት ባክቴሪያ ያለው ፕሮባዮቲክ፣ ለ144ቱ ባክቴሪያ የሌለው ማስመሰያ ሰጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ኢንፌክሽኑ አልቀነሰም። ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት 24 ሰዎች ሞቱ፤ ከሌሎቹ 9። የ9 ሰዎች አንጀት ደም አጥቶ ተጎዳ፤ ዘጠኙም ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ነበሩ።

ይህን ጥናት ደጋግሜ አነበዋለሁ። ሐሳቡ ያምር ነበር። ያኔ ብጠየቅ እኔም "ስጡት" እል ነበር። እባካችሁ፣ ያማረ ሐሳብ ሳይፈተን ሕመምተኛ አልጋ ላይ አታውጡት። "ለማንኛውም" ብላችሁም አንቲባዮቲክ አትጻፉ። ኢንፌክሽን ሳይኖር መስጠቱ ሕይወት ሲያተርፍ አልታየም፤ መድኃኒት የለመዱትን ባክቴሪያዎች ግን ያበዛል።

ጠዋት ራውንድ ስትወጡ ሆዱን አዳምጡ፣ ርቦት እንደሆነ ጠይቁት። ማስመለሱ ከተወው፣ "ራበኝ" ካለ፣ አጥሚቱም ቅቤ ከሌለው፣ በር ላይ የቆመችውን እናት አስገቧት።