ደብተር ለቀደደ ልጅ ምን ይደረግ? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ትምህርት ቤት ውስጥ ጥፋትን በእርቅና በካሳ ስለመፍታት ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ በጥያቄ ሆኛለሁ። ጥቂቶቹን ልመልስ።

«የክፍል ጓደኛዋ የልጄን ደብተር ቀዳደደው። ትምህርት ቤቱ ልጁን ከማገድ ይልቅ ‹ይነጋገሩ› አለ። ይሄ ማድበስበስ አይደለም?» (እናት፣ አዲስ አበባ)

«በሉ ተጨባበጡ» ብለው ወደ ክፍል ከመለሷቸው፣ አዎ፣ ማድበስበስ ነው። በወጉ ከተሠራ ግን ለልጁ ከእገዳ ይከብደዋል። የታገደ ልጅ ሰፈር ኳስ ሲጫወት ይውላል፤ ደብተሩ እንደተቀደደ ነው።

መምህሩ መጀመሪያ ለየብቻ ያናግራቸው። ልጅዎ ፊት ለፊት መገናኘት ካልፈለገች አትገደድ። ከፈለገች እሷ ትቅደም፤ ፈተና ደርሶ የምታጠናው ማጣቷን ትንገረው። ከዚያ እሱ ምን እንደሚክስ ይናገር። ለምሳሌ አዲስ ደብተር ገዝቶ፣ ከትምህርት በኋላ እየቀረ ኖቱን በገዛ እጁ ይገልብጥላት። ቀን ይቆረጥለት፤ መጨረሱንም መምህሩ ገጽ በገጽ ይይ። ብዙ ቦታ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ይቅርታ ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ማንም አልተከታተለም። ሽምግልና ላይ ዋስ የሚጠራው ለዚህ አይደል?

«ሰባ ተማሪ ይዤ ማንን ከማን ላስታርቅ?» (መምህር፣ ደሴ)

እውነትዎን ነው። ላረፈደና ላወራ በር ላይ ሁለት ቃል ይበቃል፤ ቁጭ ብሎ መነጋገሩን ለከባድ ጸብ ያቆዩት። ተአምርም አይጠብቁ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ 44 ትምህርት ቤቶችን ለሁለት ከፍሎ፣ ይህን አካሄድ የሚሠሩበትን ግማሾቹን ከማይሠሩበት ግማሾቹ ጋር ከ2015 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) አነጻጽሯል። አካሄዱ በተሠራባቸው እገዳ ቀንሷል፤ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ግን የተማሪዎች ውጤት ዝቅ ብሏል።

«አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው የምንኖረው። ልጄ ተደባድቦ ‹ሰርክል (ክብ ሠርቶ ተቀምጦ መነጋገር) ላይ ኑ› ተባልን። እንሂድ?» (አባት)

ይሂዱ። እዚያ አካሄዱ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። እንግሊዝኛው ከከበደዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። አደራ፣ ልጅዎ እንዳያስተረጉም! የራሱን ክስ አሳምሮ ነው የሚነግርዎት። ፖሊስ ከገባበት ግን አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ።

«ለመሆኑ ዱላ በሕግ ተከልክሏል?»

ተከልክሏል። የኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጎማውም ኮርኩሙም ያው ነው። ወላጅ ራሱ «ግረፍልኝ» ቢል እንኳ።