ጋደም ብሎ መዋል ይቻላል?

ጥያቄ፦ እሑድ ዕለት ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ እናቱ ዘንድ ሄደ፤ እኔ ሰበብ ፈጥሬ ቤት ቀረሁ። ማታ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ሲለኝ «ብቻዬን ትንሽ ጋደም ብዬ ዋልኩ» አልኩት። «ትንሽ ከሆነማ እንዴት ይዋላል?» ብሎ ሳቀብኝ። ዐረፍተ ነገሬ ስሕተት አለበት? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ሊስቁ የሚችሉት «ትንሽ» በምትለው ቃል ብቻ ነው። ትንሽነቱ «ጋደም» ውስጥ አስቀድሞ አለ፤ መደረብ አያስፈልገውም ነበር።

አማርኛ አንዱን ግሥ በ«አለ» ወይም በ«አደረገ» እየደገፈ ያከብደዋል፣ ያቀለዋልም። ቅርንጫፍ «ስብር አለ» ሲባል በአንድ አፍታ አለቀለት። ሙሽራዋ አንገቷን «ሰበር አደረገች» ሲባል ግን የተሰበረ ነገር የለም፤ ጥቂት ዘንበል ማለት ነው። ልዩነቱን የተሸከሙት ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ሳድስ ሲሆኑ ድርጊቱ ይበረታል፣ ግእዝ ሲሆኑ ይለሳለሳል። «ቀመስ»፣ «ተንፈስ»፣ «ጋደም» («ጋ» ራብዕ ብትሆንም) ከለስላሳው ወገን ናቸው።

የሚለሳለሰው ግን አኳኋኑ እንጂ ሰዓቱ አይደለም። ሰዓቱን የሚቆጥረው «ዋለ» ነው። «ጋደም ብዬ» እንዴት እንደ ነበሩ ይናገራል፣ «ዋልኩ» እስከ መቼ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ደግሞ ለትንንሽ ድብቅ ደስታዎቻችን ከዚህ ቅርጽ የተሻለ መጠለያ አላውቅም። እኔ ራሴ ለእንግዳ ከፒያሳ የተገዛውን ኬክ ግማሹን ጨርሼ፣ ክሬሙ ገና ጢሜ ላይ እያለ «ቀመስ አደረግሁት» ብያለሁ። ሰዋስውን ያከበረ ውሸት ነበር።

«ብቻዬን» ማለትዎም ትክክል ነው። «ብቻዬን በላሁ» ያለ ሰው አብሮት የሚበላ አልነበረም፤ «ለብቻዬ በላሁ» ያለው ግን ሌሎቹ እያሉ የራሱን ነጥሎ ነው።

ባለቤትዎ «ተኝቼ ዋልኩ» እንዲሉ ከፈለጉ ግን አይስሟቸው። ቀኑን ሙሉ መተኛት በአማርኛ ሕመም ሕመም ይሸታል፤ በየሆስፒታሉ «ተኝቶ ታካሚ» የሚባለውን ያስታውሱ። ከግቢው አንድ ሰው ከሰማዎት «ምነው፣ ምን ነካሽ?» እያለ ጎረቤቱ ሁሉ ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ በሚቀጥለው እሑድም ብቻዎን የሚተውዎት የለም።