ስልኬ ሠለጠነብኝ፤ ማይንድፉልነስ ብሞክር ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰዓት ልይ ብዬ ስልኬን ሳነሣ ሳላውቀው ቲክቶክ ውስጥ ገብቼ ሌሊቱ ይጋመሳል። ስዘጋውም ልቤ ቅናት ብቻ ነው። አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ማይንድፉልነስ የሚባል፣ ትንፋሽንና ሐሳብን የማስተዋል ልምምድ መከረችኝ። ከቡድሂዝም የመጣ ነው ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ ሥሩ ከዚያ ነው። በሕክምና የሚሰጠውን ግን አሜሪካዊው ምሁር ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ለይተው ለሕመምተኞች አዘጋጁት። የታዘዝሽው ቆም ብሎ ራስን ማስተዋል ብቻ ከሆነ ኃጢአት የለበትም። ማንትራ፣ ማለትም የእነርሱን የጸሎት ቃል፣ ድገሚ፣ ለምስል ስገጂ ካሉሽ ተዪው።

ደግሞስ ልብን መጠበቅ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ጌታችን «ትጉ» ብሎናል (ማር. 13፥37)። አባ እንጦንስም ደቀ መዛሙርቱን፣ ራእይ ቢታያችሁ ሳትፈሩ ማን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ጠይቁት ብሎ ያስተምር ነበር። እጅሽ ወደ ስልኩ ሲሄድ ያንን ፍላጎት እንዲሁ ጠይቂው። ብቸኝነት ነው? ሥራ መሸሽ ነው? ወይስ የእገሊትን ኑሮ ለማየት? መልሱን ካገኘሽ በኋላ ዝም ብለሽ አትለፊው፤ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» ብለሽ ለእርሱ ንገሪው። የእኛ ትጋት ከልምምዱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ያየነውን የምንነግረው አምላክ አለን። ከዚያ ብትከፍቺውም ዐውቀሽ ከፈትሽው ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ነገር ግን በእኔ ላይ ምንም አይሠለጥንብኝም» ያለውን አስቢ (1ኛ ቆሮ. 6፥12)።

ቅናቱ ግን ስልክ በመዝጋት አይድንም። በዐቢይ ጾም መተግበሪያውን አጥፍተው በትንሣኤ ማግሥት መልሰው የሚጭኑ አሉ፤ አልነቅፋቸውም፣ ቅናታቸው ግን አብሯቸው ከርሞ ይጠብቃቸዋል። ፎቶዋን ስታዪ ልብሽ የሚቃጠልባትን ሴት ስሟን ጠርተሽ ጸልዪላት። መጀመሪያ ከአፍሽ አልወጣ ይልሻል፤ ቢሆንም በዪው።

በቀረው ብዙ አልልም። ገጹ የማያልቀው፣ ቪዲዮውም በራሱ የሚቀጥለው ሆን ተብሎ ስለሆነ ማቆሚያውን አንቺ አብጂለት፤ ማሳወቂያውን ዝጊ፣ ስልኩን ከመኝታሽ አርቀሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ሳትጸልዪ አትንኪው። ቅናቱን ደግሞ ለንስሓ አባትሽ ንገሪ፤ ስለ ሌሊቱም አትደብቂያቸው።