ስለ ሜዳይ ሽልማቴ ለምትጠይቁኝ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

መኮንን ለመሆን የምትሰናዱ ወጣቶች ቤቴ ስትመጡ ዓይናችሁ የሚያርፈው ሳሎን በተሰቀለው ሜዳይ ላይ ነው። በምን ጀብዱ እንደተሸለምኩ ትጠይቁኛላችሁ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት ምን እሠራ እንደነበር ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ስለ ውትድርና ሕይወት ባሰብኩ ቁጥር የአየር ኃይላችን አብራሪ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ትዝ ይሉኛል። የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ሲወርር ኤፍ-5ኢ የተባለውን ተዋጊ ጄት እያበረሩ ከሶማሊያ ሚግ ተዋጊ ጄቶች ጋር ተፋልመው ጥለዋል። ሚግ-21 በፍጥነት ይበልጠን ነበር፤ የበላይነቱን ያስገኘልን በአብዛኛው አብራሪዎቻችን ያንኑ ልምምድ ሳይሰለቹ እየደጋገሙ ለዓመታት ያካበቱት ሥልጠና ነው። የአየር ላይ ፍልሚያ ከደቂቃዎች አያልፍም። እርሳቸው ግን በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩና 11 ዓመት በሶማሊያ ታስረው ቆዩ፤ ለአገራቸው የበቁት ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ደቂቃዎቹ ነው። እኔ ግን፣ ሰላምታ የሚሰጥ ወታደርም ሆነ ማዕረግ በሌለበት ስፍራ ያን ያህል ዘመን መኮንን ሆኖ መቆየት ይበልጥብኛል።

እኔ አብራሪ አልነበርኩም። ያኔ ድሬዳዋ ላይ አውሮፕላን የሚያስታጥቅ ቡድን የምመራ ወጣት መኮንን ነበርኩ። በክንፉ ጫፍ የሚሰቀለው ሚሳይል መሬት ላይ ሳለ እንዳይተኮስ የሚይዘው ፒን አለ፤ ከሩቅ እንዲታይ ረዘም ያለ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። አውሮፕላኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ፒኖቹ ተነቅለው፣ ተቆጥረው፣ ከፍ ተደርገው ለአብራሪው ይታያሉ። ከዚህ የቀለለ ሥራ ያለ አይመስልም።

አንድ ማለዳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስናስታጥቅ አድረን፣ በእጄ የያዝኩትን ሳልቆጥር «ሂድ» ብዬ ምልክት ሰጠሁ። በሥሬ የነበረ አንድ አስር አለቃ ሮጦ ከአውሮፕላኑ ፊት ቆመና እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ አስቆመው። ሥልጣኔን የተጋፋ መስሎኝ በሰው ፊት ጮኽኩበት። መልስ አልሰጠኝም፤ ወደ ግራው ክንፍ ብቻ ጠቆመኝ። ቀዩ ጨርቅ በሞተሩ ነፋስ ይርገበገባል። ያ አብራሪ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጠላቱን አነጣጥሮ ቃታውን ሲስብ የግራው ሚሳይል እምቢ ይለው ነበር።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ ከእናንተ በታች ያለ ሰው ስትሳሳቱ ሊያስቆማችሁ እንዳይፈራ አድርጋችሁ ያዙት። ያ አስር አለቃ የደፈረኝ እኔ ስላስለመድኩት አልነበረም፤ በራሱ ወኔ ነው። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ያውም ማንም በሌለበት። የጮኽኩበት በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት ይገባው ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከቡድኔ ለሽልማት የሚታጩትን ስም ከነምክንያቱ ጽፌ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። የአስር አለቃውን ስም ብጽፍ ያን ማለዳ መተረክ፣ የእኔንም ስህተት በፊርማዬ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ሳልጽፈው ቀረሁ። ሳሎኔ ውስጥ የምታዩት ሜዳይ የተሰጠኝ በዚያው ጊዜ ነው።